ግቢ ይዘጋ ሲባል ማን ወዴት ይሄዳል?

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2025) የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በጂንካ የማርበርግ በሽታ መከሰቱን አረጋገጠ። በሽታው በአገራችን ሲታወቅ ያ የመጀመሪያው ነው። ጂንካ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ወሬው እዚህ ሀርጌሳ፣ እኛ 26 ጁን ሰፈር ሲደርስ፣ ልጅ ወይም የእህት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የመጣው፦ “ቲቸር፣ አሁንም እንደ ኮሮናው ጊዜ ግቢ ሊዘጋ ነው እንዴ?”

ያ ወረርሽኝ ጥር 18 ቀን 2018 ማብቃቱ ታወጀ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥያቄው ግን አብሮ አላበቃም። ነገ ኮሌራ ሊሆን ይችላል፣ ከነገ ወዲያ ገና ስም ያልወጣለት ሌላ ጉንፋን። በሽታ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚዘጋው የትምህርት በር ነው። ስለዚህ ነገሩን ሰው ሳይደነግጥ፣ በተረጋጋ ጊዜ ብናስብበት ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲም አልገባሁም፤ 12ኛ ክፍል ጨርሼ የስደተኛ ልጆችን የማስተምር ሰው ነኝ። ግን የ2012 ባች ነኝ። ማትሪክ ልፈተን ደብተሬን ይዤ ስጠብቅ በር ከተዘጋባቸው ልጆች አንዱ ነኝ ማለት ነው። ስለ መዝጋት ስንነጋገር ለእኔ የጋዜጣ ወሬ ብቻ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጠው። የመማሪያ ክፍል በወረርሽኝ ጊዜ ሊዘጋ ይችላል፤ አንዳንዴም መዘጋት አለበት። የመኝታ በር ግን መሄጃ በሌለው ተማሪ ላይ መዘጋት የለበትም። ዩኒቨርሲቲ ሁለት ነገር ነው፦ መማሪያና መኖሪያ። ሁለቱን በአንድ ቁልፍ ስንቆልፍ ነው ሰው የሚጎዳው።

በ2012 የሆነው

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀናት እንደሚዘጉ አስታወቁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጀመሪያ ላይ ከግቢ ሳይወጡ እንዲቆዩ ነበር የታሰበው። ወሩ ሳያልቅ ግን ሐሳቡ ተለወጠና ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ወደየቤተሰቡ እንዲሄድ ተደረገ።

15 ቀን የተባለው ወራት ሆነ። ትምህርት ቤቶች በየደረጃው መከፈት የጀመሩት በጥቅምት 2013 ነው። ዩኒቨርሲቲዎችም ተመራቂዎችን አስቀድመው ሌላውን በየተራ መጥራት ያዙ። እኛ የምንጠብቀው የ12ኛ ክፍል ፈተና የካቲት 29 ቀን 2013 ተጀመረ። የትግራይ ልጆች ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ያኔም መፈተን አልቻሉም።

ያኔ መዝጋቱ ስህተት ነበር ወይ? እኔ ስህተት ነበር አልልም። የዶርምን ነገር የሚያውቅ ሰው ይፈርዳል። ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ተማሪ፣ የጋራ መታጠቢያ፣ ካፌ በር ላይ የተያያዘ ሰልፍ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው። በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ከዚህ የበለጠ ምቹ ቦታ የለም። በሽታው አዲስ ነበር፤ ክትባት አልነበረም፤ የአገሪቱም የሕክምና አቅም ይታወቃል። “ጎመን በጤና” ያሉ ወላጆች እውነት አላቸው። ትምህርት ይደረስበታል፤ የሞተ ሰው ግን አይመለስም።

ቢሆንም ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ልብ በሉ። ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ግቢዎቹ ባዶ አልቀሩም። ከሳዑዲ ዓረቢያ የተባረሩ ወገኖቻችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከጅቡቲ የተመለሱት ደግሞ በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ገብተው 14 ቀን ተለይተው እንዲቆዩ ተደረገ። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ለዚሁ ሥራ ዋሉ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ከመካከላቸው በየመን በረሃና በባሕር ያለፉ፣ እንደ እኛው መንገድ የበላቸው ሰዎች ነበሩ። ግን ትምህርቱን ያዙት፦ ያው ዶርም፣ ያው አልጋ፣ የሰው ቁጥር ተቀንሶ፣ ርቀት ተጠብቆ፣ ምግብ እየቀረበ፣ የጤና ባለሙያ እየተከታተለ ሲሆን ከአደጋ ቦታ ወደ መጠበቂያ ቦታ ተለወጠ። ለተመላሽ ይህ ከተቻለ፣ መሄጃ ለሌለው ተማሪም ይቻላል ማለት ነው።

ሦስት በሽታ፣ ሦስት መንገድ

ሰው “ወረርሽኝ” ሲባል ሁሉም አንድ ይመስለዋል። አይደለም። መዝጋት ይጠቅማል ወይ የሚለው መልስ በሽታው በምን እንደሚሄድ ይወሰናል።

ኮሮና በትንፋሽ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ሰው አንድ የታፈነ አዳራሽ ውስጥ እንዳይቀመጥ ማድረግ ስሜት ይሰጣል። እዚህ ላይ ክፍል መዝጋት መሣሪያ ነው።

ኮሌራ፣ ወይም ብዙ ጊዜ አተት የምንለው፣ በተበከለ ውሃና ምግብ ነው የሚሄደው። እኛ ሶማሌላንድ ያለን ሰዎች በ2017ቱ (እ.ኤ.አ.) ድርቅ ጊዜ የተቅማጡ ነገር እንዴት እንደነበር ሰፈርተኛው ሲያወራ እንሰማለን። ለኮሌራ መድኃኒቱ ንጹሕ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ሳሙና፣ ቶሎ የሚደርስ የኦ.አር.ኤስ. ፈሳሽና ክትባት ነው። ግቢ ውስጥ ኮሌራ ገብቶ ተማሪውን ወደየገጠሩ ብትበትነው ምን ይሆናል? ጀርሙን ይዞ፣ ራሱ ምንም ሳያመው፣ የምንጭ ውሃ ወደሚጠጣ መንደር የሚገባ ይኖራል። የግቢውን ቧንቧ ማከም አገር ሙሉ ምንጭ ከማከም ይቀላል።

ማርበርግ ደግሞ የታመመ ወይም የሞተ ሰው የሰውነት ፈሳሽ በመንካት ነው የሚተላለፈው። ከያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 21 ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች ዋና ሥራ ከታማሚው ጋር የተነካካውን ሰው ስም በስም መዝግቦ 21 ቀን መከታተል ነው። ከተመዘገቡት አንዱ ተማሪ ቢሆንና “ግቢ ተዘግቷል፣ ሂድ” ብትለው፣ የት ታገኘዋለህ? አውቶቡስ ውስጥ? መዝጋት እዚህ ላይ ክትትሉን ያፈርሰዋል።

የአገራችን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ተማሪ የሚመደበው ከቤተሰቡ ርቆ ነው። የጎንደር ልጅ ጅማ፣ የጅማ ልጅ ወልድያ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ጅግጅጋ። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሙሉ አንድ ቀን “ወደ ቤት” ካሉ፣ የአገሪቱ መናኸሪያዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ በተማሪ ይሞላሉ። በሽታው ግቢ ከመግባቱ በፊት ከሆነ ደህና። ከገባ በኋላ ከሆነ ግን በየወረዳው ትኬት ቆርጦ እንደ መላክ ነው።

የኅዳር በሽታ የሚባለውን ሁላችንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ደርሶ ብዙ ሰው ጨርሷል። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ሲደርስ “ኅዳር ሲታጠን” እያልን ቆሻሻ እናቃጥላለን። ሰፈር መጽዳቱ መልካም ነው። በትንፋሽ የሚሄደውን ኢንፍሉዌንዛ ግን ጭስ አያቆመውም። ሁሉንም በሽታ በአንድ መድኃኒት፣ “ዝጋው” በሚል ትእዛዝ ብቻ መመለስም እንደዚያው ነው። የሆነ ነገር የተሠራ ይመስላል፤ በሽታው ግን በሌላ መንገድ ያልፋል።

የትኛው ቤት?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። “ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ይሂዱ” የሚለው ትእዛዝ ሦስት ነገር አለ ብሎ ያስባል፦ ቤት አለ፣ መንገዱ ሰላም ነው፣ ቤቱ ከግቢው ይሻላል። ከሦስቱ አንዱ እንኳን ከጎደለ ትእዛዙ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው።

መንገዱን እንይ። በኅዳር 2012፣ ኮሮና ሳይመጣ ማለት ነው፣ በየግቢው ግጭት በነበረበት ጊዜ የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከግቢ ወጥተው ወደ ቤተሰብ ሲሄዱ መንገድ ላይ ታገቱ። የእነዚያ ልጆች ወላጆች ለቅሶ አገር ሙሉ ሰምቶታል። በሰኔ 2016 ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የነበሩ አውቶቡሶች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ተይዘው ከመቶ በላይ ተሳፋሪዎች ታገቱ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ያኔ የጉዞው ምክንያት ወረርሽኝ አልነበረም። ነገ ወረርሽኝ መጥቶ አንድ ባለሥልጣን “በሦስት ቀን ውስጥ ግቢ ልቀቁ” ሲል፣ ለእነዚህ ልጆች ቫይረሱና መንገዱ የትኛው ነው የሚያሰጋው?

ቤቱን እንይ። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ስልክ ተቆርጦ ወላጆቻቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ ሌላ ክልል ግቢ ውስጥ የሰነበቱ ተማሪዎች ነበሩ። በተቃራኒው መቀሌ፣ አክሱም፣ አዲግራትና ራያ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ቀርተው፣ ወላጆቻቸው “ልጆቻችንን አውጡልን” እያሉ ለምነው፣ በ2013 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት እርዳታ በአውቶቡስ የወጡ ልጆች ነበሩ። አማራ ክልልም ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ባለው ጦርነት ስንቱ ቀበሌውን ጥሎ እንደወጣ እዚህ ያለነው እናውቃለን። ለእንዲህ ያለ ተማሪ ዶርሙ መኝታ ብቻ አይደለም። ያለው አንድ አድራሻ እሱ ነው።

የስደተኛውን ተማሪ ደግሞ እንይ። ከደዳብ ወይም ከካኩማ ወጥቶ ናይሮቢ የሚማር ልጅ አለ። ግቢ ሲዘጋ “ቤቱ” ካምፕ ነው። ካምፕ ከግቢ ይሻላል? ካምፕና ካምፓስ እኮ ብዙ ነገራቸው አንድ ነው፦ የጋራ ቧንቧ፣ የጋራ ሽንት ቤት፣ የምግብ ሰልፍ፣ ብዙ ሰው የሚያድርበት አንድ ክፍል። ልዩነቱ ካምፓስ “ይዘጋ” ሲባል ሰው ይወጣል፤ ካምፕ ሲዘጋ ሰው እዚያው ይቀራል። በኤፕሪል 2020 መጨረሻ የኬንያ መንግሥት ከደዳብና ከካኩማ መውጣትም መግባትም ከልክሎ ነበር። ከተማ ላይ ዶርም የተዘጋበት ልጅ፣ ካምፑም ተዘግቶበት፣ መሃል ላይ ቆመ ማለት ነው።

እዚህ ሀርጌሳም ነገሩ የራሱ መልክ አለው። ሶማሌላንድ የመጀመሪያዎቹን የኮሮና ታማሚዎች ያስታወቀችው በማርች 2020 መጨረሻ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በዚያው ወር ተዘግተው ነበር። እዚህ ብዙው ተማሪ ከቤቱ እየተመላለሰ ስለሚማር የመኝታ ጣጣው ይቀላል። ከእኛ ልጆች መሃል ዩኒቨርሲቲ የገባ ግን ቀን ሠርቶ፣ ማታ ተምሮ፣ ክፍያውን በየወሩ በዛድ የሚልክ ነው። ሲዘጋ የሚቀርበት ዕውቀቱ ብቻ አይደለም። የከፈለበት ወር፣ መታወቂያ ሲጠየቅ “ተማሪ ነኝ” ብሎ የሚያሳየው ወረቀት፣ ከሰው እኩል የሆነበት አንድ ቦታ፣ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

“ኦንላይን ይማሩ”

መዝጋት ሲነሳ ሁልጊዜ አብሮ የሚመጣ ማጽናኛ አለ፦ “ትምህርቱ በኦንላይን ይቀጥላል።” በ2012 በኢትዮጵያ ምን ሆነ? የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢንተርኔት እንዲቀጥሉ ተወሰነ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው፣ ብዙሃኑ ማለት ነው፣ እንዲጠብቅ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ላፕቶፕ ያለው ጥቂት ነው፤ ገጠር የገባው ልጅ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ነው የሚወጣው።

በዚያ ላይ ሰኔ 22 ቀን 2012 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለና በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ያህል እንደተዘጋ ቆየ። ግቢ ተዘግቶ፣ “በኢንተርኔት ተማሩ” ተብሎ፣ ኢንተርኔቱ ራሱ ተዘጋ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? በእኛ አገር መብራትና ኔትወርክ ላይ ብቻ የተሰቀለ ትምህርት ትምህርት ነው ብሎ መቁጠር አይቻልም።

የሚሠራው ምን እንደሆነ እኛ አስተማሪዎች እናውቃለን። ወረቀት ይሠራል። ሬዲዮ ይሠራል። ሴራሊዮን በኢቦላ ጊዜ ትምህርት በሬዲዮ አስተላልፋለች። ሃንድአውት አባዝቶ ማደል ይሠራል። ስልክ ያለው አንድ ልጅ በቴሌግራም ያወረደውን አምስት ልጅ ተሰብስቦ ሲያነበው ይሠራል። ይህ ሁሉ ግን በሩ ከመዘጋቱ በፊት የሚዘጋጅ ነው። ተማሪው ከተበተነ በኋላ ሃንድአውት ለማን ታድላለህ?

የሌሎች አገሮች ትምህርት

ዩጋንዳ ሁለቱንም አሳይታናለች። በኮሮና ጊዜ ከማርች 2020 ጀምራ፣ በመሃል ለተወሰኑ ክፍሎች ከፈት እያደረገች፣ ሙሉ በሙሉ የከፈተችው ጃንዋሪ 10 ቀን 2022 ነው። በዓለም ረጅሙ መዘጋት ተብሎ ተመዘገበ። ወደ 15 ሚሊዮን ተማሪ ነበር ቤት የቀረው። ሲከፈት ያልተመለሱ ብዙ ልጆች ነበሩ፤ ወንዱ ሥራ ላይ፣ ሴቷ ትዳር ወይም ልጅ ላይ ነበረች። ያችው ዩጋንዳ በ2022 መጨረሻ ኢቦላ ሲገባባት ግን ሌላ ነገር አደረገች። የትምህርት ዘመኑን በሁለት ሳምንት አሳጥራ ኖቬምበር 25 ላይ ዘጋች። አጭር፣ ቀኑ የታወቀ፣ ወደ ዓመት ማብቂያ ዕረፍት የሚገባ መዝጋት። ሁለቱም “መዝጋት” ይባላሉ፤ ግን አንድ አይደሉም።

ሴራሊዮን ደግሞ ስለ መመለስ ታስተምራለች። በኢቦላ ምክንያት ለወራት ተዘግተው የቆዩት ትምህርት ቤቶች ኤፕሪል 14 ቀን 2015 ተከፈቱ። ግን በመዘጋቱ ወቅት ያረገዙ ልጃገረዶች ወደ ክፍል እንዳይገቡ ተከለከሉ። ክልከላው የተነሳው በማርች 2020 ነው። አምስት ዓመት ገደማ! ለእነዚያ ልጆች ኢቦላው አልቆም በሩ እንደተዘጋ ነበር። በር ሲከፈት ማን እንደገባ ብቻ ሳይሆን ማን እንደቀረ መቁጠር ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ለእኛ ለምን ይብሳል?

ቁጥር ልጥቀስ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በሚያወጣው መረጃ በ2019 ከመቶ ስደተኛ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ የደረሰው 3 ብቻ ነበር። በ2023 7 ደረሰ። ግቡ በ2030 15 ማድረስ ነው። ከ3 ወደ 7 ለመድረስ ስንት ልመና፣ ስንት ደብዳቤ፣ ስንት ነፃ የትምህርት ዕድል እንደፈጀ አስቡት። እንደ ዳፊ ያለው፣ ጀርመን የምትረዳው የስኮላርሺፕ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ እየሠራ ነው። ሠላሳ ዓመት ተገፍቶ የመጣ ነገር በአንድ ዓመት መዘጋት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ማላላ ፈንድ በኮሮና ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከነበሩ ስደተኛ ልጃገረዶች ግማሹ ላይመለሱ ይችላሉ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር።

አገሩ ያለ፣ ቤተሰቡ ደህና የሆነ ተማሪ አንድ ዓመት ቢጠፋበት ዕድሜው አንድ ዓመት ገፋ ነው የሚባለው። ስደተኛ ላይ እንደዚያ አይቆጠርም። ስኮላርሺፑ ቀን አለው። መታወቂያው ቀን አለው። አከራዩ ቀን አለው። በዚያ ዓመት ሳይማር የተቀመጠ ልጅ “ምን ትጠብቃለህ፣ ሱዳን እንሂድ፣ ሊቢያ እንሂድ” የሚለው ደላላ በየቀኑ ጆሮው ላይ ነው። እኔ ከማስተምራቸው ትልልቅ ልጆች ጋር ስነጋገር ከጉዞ የሚያስቀራቸው የእኔ ምክር አይደለም። “መስከረም ላይ ልመዘገብ ነው” የሚለው ተስፋ ነው። ያ መስከረም ቀን ሲያጣ ልጁን መያዝ ያስቸግራል።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

ዩኒቨርሲቲዎች በወረርሽኝ ጊዜ ይዘጉ ወይስ አይዘጉ ለሚለው የእኔ መልስ በአምስት ጥያቄ ውስጥ ነው። አምስቱን የመለሰ ዩኒቨርሲቲ ቢዘጋም አልቃወምም። አንዱንም ሳይመልስ የሚዘጋ ግን ችግሩን ከግቢው አውጥቶ በተማሪው ላይ ጫነው እንጂ በሽታውን አልተከላከለም።

አንደኛ፣ በሽታው በምን ይሄዳል? በትንፋሽ ከሆነ አዳራሽ ይዘጋ፣ ክፍል ይከፋፈል። በውሃ ከሆነ ውሃው ይታከም። በንክኪ ከሆነ የተነካካው ይለይና ይከታተሉት።

ሁለተኛ፣ መሄጃ የሌለው ማነው? መንገዱ የማያሳልፈው፣ ቤተሰቡ የተፈናቀለ፣ ስደተኛ የሆነ ተማሪ አልጋውና ምግቡ ይቀጥል። ሌላው ሲሄድ ዶርሙ ስለሚሰፋ ርቀት መጠበቅም ይቀላል።

ሦስተኛ፣ መቼ ይከፈታል? ቀኑን በትክክል ማወቅ ባይቻል እንኳ ምን ሲሟላ እንደሚከፈትና ውሳኔው በየስንት ሳምንቱ እንደሚታይ ይነገር። “እስከሚቀጥለው ማስታወቂያ ድረስ” የሚባለው ነገር ለስደተኛ ቀን አይደለም።

አራተኛ፣ በመሃል ምን ይማራል? ሃንድአውቱ ተማሪው ከግቢ ሳይወጣ ይሰጥ። ስኮላርሺፕ ያለው አበሉ አይቆረጥ፤ ከፍሎ የሚማረው ያልተማረበትን ወር አይክፈል።

አምስተኛ፣ ሲከፈት ማን ቀረ? ሬጅስትራሩ ያልተመለሱትን ስም በስም ይፈልግ፤ ደውሎ ይጠይቅ። ወልዳ የቀረችም ሆነ ሥራ የያዘ በሩ ይከፈትለት።

እኛም ከጠያቂነት ሌላ የምንሠራው አለ። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች የውጤት ወረቀታችሁንና የመግቢያ ደብዳቤያችሁን ዛሬውኑ በስልክ ፎቶ አንሱና ለሁለት ለምታምኗቸው ሰዎች ላኩ። የሬጅስትራሩንና የስኮላርሺፑን ቢሮ ስልክ በወረቀት ጻፉ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ባትሪ ያልቃል። በየካምፑ ያላችሁ የማኅበረሰብ ኮሚቴዎች ዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆቻችሁን መዝግቡ፦ የት ነው የሚማረው፣ ግቢ ቢዘጋ የት ያርፋል፣ ማን ይቀበለዋል? መልስ የሌለውን ስም ለብቻ አስፍሩና ለስደተኞች ኮሚሽኑ ቢሮም፣ ለዩኒቨርሲቲውም በጽሑፍ አስገቡ። ፊርማና ቀን ይኑረው፤ አንድ ቅጂ እናንተ ጋ ይቅር።

እኔም በዚህ ሳምንት እዚህ ሰፈር ያሉትን የእኛን ልጆች መመዝገብ ጀምሬያለሁ። እስካሁን የመዘገብኩት ጥቂት ስም ቢሆንም፣ “ቢዘጋ የት ትሄዳለህ?” የሚለው ሳጥን ባዶ የቀረባቸው ከግማሽ በላይ ናቸው። ወረርሽኝ ሲታወጅ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜ አይኖርም። አሁን ግን ጊዜ አለ።